ሁለት ቆሮሶና አንድ ባልዲ

የጡረታ ደብዳቤዬ አንድ ገጽ ነው። ወባ ረጪ፣ የረጪዎች ቡድን መሪ፣ የላቦራቶሪ ረዳት፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይላል፤ ከዚያ ምስጋና፣ ከዚያ ማኅተም። ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝና "አባዬ፣ ይኸው ነው?" አለችኝ። "ይኸው ነው" አልኳት። ውስጤ ግን ቅር አለው። "የላቦራቶሪ ረዳት" በሚሉት ሁለት ቃላት ውስጥ ሁለት ዓሦች፣ አንድ ባልዲና አንድ ትልቅ ሰው ተቀብረዋል። ማኅተም የመታው ልጅ አያውቃቸውም፤ ያኔ አልተወለደም። እኔ ሳልጽፋቸው ብሞት ደግሞ የሚያውቃቸው አይኖርም። ስለዚህ መነጽሬን አጥልቄ ተቀመጥኩ።

ስሜ ጴጥሮስ ነው፤ ትውልዴ ከምባታ። ወደ ጅማ የመጣሁት በደርግ መጀመሪያ ዓመታት እንደ አገሬ ልጆች ሁሉ ቡና ለመልቀም ነበር። ሊሙ ለቀምኩ፣ አጋሮ ለቀምኩ፣ በሁለተኛው ዓመት ወባ ይዞኝ እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጥኩ። ክኒን የሰጡኝን ሰዎች ተከትዬ ሥራ ጠየቅኩ። ትከሻዬን አይተው ረጪ አደረጉኝ።

ርጭትን ብዙ ሰው ውኃ እንደ መድፋት ያየዋል። ዲዲቲው ዱቄት ነው። በባልዲ ውስጥ መጀመሪያ በጥቂት ውኃ እንደ ገንፎ ታሸዋለህ፣ ከዚያ ታቀጥነዋለህ፣ በጨርቅ አጥልለህ በጀርባህ ወደምትሸከመው ታንክ ትገለብጠዋለህ። የመርጫውን ጫፍ ከግድግዳው አንድ ክንድ ታርቀዋለህ። ከላይ ወደ ታች፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ ከታች ወደ ላይ። ከፈጠንክ ግድግዳው ሳይጠጣ ይቀራል፤ ከዘገየህ ይንጠባጠባል። በልኩ ከሄድክ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ እኩል ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። በሰቃም በአሰንዳቦም የሰው ቤት ገብቼ እህል አስወጥቻለሁ፣ "ዶሮዬን ገደልክብኝ" ተብዬ ተሰድቤአለሁ። አንዱ አለቃዬ ግድግዳውን በባትሪ እያበራ የሚመረምር ሰው ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ከመኪናው ወርዶ አያውቅም።

ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የዱቄቱ ሽታ ጠፋኝ። መጀመሪያ የለቀቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ አፍንጫዬ ነው የለቀቀኝ። ባለቤቴ ማርታ ታሾፍብኝ ነበር፤ "ቤታችን ዝንብ የማይገባው በጸሎታችን እንዳይመስልህ፣ ባንተ ሸሚዝ ነው" ትለኛለች።

ከዚያ ክንዶቼ መቁሰል ጀመሩ፤ ሳሉም አላስተኛ አለኝ። ሐኪሙ "ከኬሚካል ይራቅ" ብሎ ጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤ አለቃችን አቶ ገረመው ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀት የሚፈራ ሰው ነበር። "የማይረጭ ረጪ ምን አደርገዋለሁ?" አለ። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፣ ሦስተኛው በመንገድ ላይ ነበር። ያን ጊዜ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት አቶ አባመጫ "ለእኔ ስጠኝ" አሉ።

አቶ አባመጫ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ነበሩ። የጅማ ተወላጅ ናቸው፣ ቤታቸው ሰቶ ሰመሮ። ሥራቸው በአጉሊ መነጽር ደም ማየትና የትንኝ እጭ መለየት ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ አማርኛውን ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ ሰው። በዚያ ሰሞን አንድ ሐሳብ ይዘው ነበር። በየቡና ማጠቢያው ትልልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተቆፍረዋል፤ ኩሬዎቹ ትንኝ ያረባሉ፤ የቡና ለቃሚው ሕዝብ ደግሞ እኔን እንደ ያዘኝ በወባ ያልቃል። ኩሬ አይረጭም፣ ቡናው የሚታጠብበት ውኃ ነው። ስለዚህ እጩን የሚበላ ዓሣ እናርባና እንጨምርበት አሉ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከሐዋሳ በጀሪካን አስመጥተው ነበር፤ ከስድስቱ በመንገድ አራቱ ሞተው ሁለት ቀሩ፤ ደግነቱ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት።

አቶ ገረመው አሰበና "እስከ ቡና ለቀማ ግልገል ካሳያችሁኝ ይቆያል። ካልሆነ ይሰናበታል" አለ። እንጀራዬ በሁለት ዓሦች ላይ የተንጠለጠለው እንዲህ ነው።

ገንዳው ከአሮጌ የመስኮት መስታወት የተሠራ ነበር። አወቱ መንደራ ሰፈር ያለ ብረት ሠራተኛ ጠርዙን በይዶ በስቱኮ ደፈነልን። ርዝመቱ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ሐይቅ ውስጥ ያደገ ቆሮሶ እዚያ ውስጥ እግሩን መዘርጊያ ያጣ ሰው ይመስላል፤ የእኛዎቹ ግን ገና ወጣቶች ነበሩ፣ ከመዳፍ አይበልጡም። ጋሽ አባመጫ እንዳስተማሩኝ ቆሮሶ ቦታ ሲጠበው አካሉን ማሳደግ ትቶ ወደ መውለድ ይሄዳል። ከሥር የወንዝ አሸዋ አነጠፍን፤ አየር የምንሰጣቸው የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በብስክሌት መንፊያ ሞልተን፣ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያልን በማስተንፈስ ነበር።

ጋሽ አባመጫ ጠዋት ሲገቡ ወዲያው እጃቸውን ወደ ውኃው አይሰዱም። ኮታቸውን ሰቅለው፣ ወንበር ስበው፣ ዝም ብለው ያያሉ። እኔ ልቅበጠበጥ ስል "ኦብሲ" ይሉኛል፤ ታገስ ማለት ነው። ብዙ ካዩ በኋላ "ቢስሚላህ" ብለው የእጃቸውን ጀርባ ውኃው ላይ ያሳርፋሉ። መዳፍ ሥራ ስለሚያደነድነው ሙቀት አያውቅም ይሉ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ግን ማሽተታቸው ነው። ውኃ የሚገባበት ዕቃ ሁሉ፣ ገንቦም ይሁን ጠርሙስ፣ መጀመሪያ አፍንጫቸው ሥር ይደርሳል። ሻይ ቤት እንኳ ብርጭቆውን ሳያሸቱ አያስቀዱም፤ አስተናጋጆቹ በጥቅሻ ይስቁባቸው ነበር። "ሳቁ" ይላሉ፣ "ሆዴን የሚያመኝ እኔን ነው።"

ወንዱ ቆሮሶ በሦስተኛው ሳምንት ጉሮሮው ቀላ። አሸዋውን በአፉ እየዛቀ እንደ ሳህን ክብ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ሴቷን ያሳድዳታል፣ ትሸሻለች፣ ጥግ ላይ ትደበቃለች። አዘንኩላት። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ግን ነገሩ ተለውጧል። አገጭዋ ወርዶ አብጧል፣ አፏን ገጥማ ጥግ ላይ ቆማለች፣ ምግብ ብጥልላት ዞር አለች።

"ጋሼ፣ ሴቷ ታማለች" አልኳቸው ገና ከበር ሲገቡ።

"ምን ሆነች?"

"እንቅርት አውጥታለች። መብላትም እምቢ ብላለች።"

ወንበራቸውን ስበው አዩ። ከዚያ እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። "ላሊ! እየው እንጂ! እንቅርት አይደለም። እንቁላሏን ነው አፏ ውስጥ የያዘችው። እስኪፈለፈሉ እዚያው ታገላብጣቸዋለች፣ አትበላም።"

"ስንት ቀን?"

"አሥር። ብርድ ከሆነ አሥራ ሁለት።"

"ጾም ይዛለች በሉኛ። የእናንተ ነው የእኛ?"

"የማንም አይደለም፣ የራሷ ነው" አሉኝ።

ማታ ለማርታ ስነግራት ሆዷን በእጇ ዳበሰች። ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ገባት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ብዙ ዓመት ዞር እያልኩ ያለፍኩት ቦታ ነው።

ጋሽ አባመጫ "አትበላም" ቢሉኝም ሆዴ አልቻለም። እሳቸው ወደ ማይክሮስኮፑ ሲዞሩ የእንቁላል አስኳል እየፈረፈርኩ እጥልላታለሁ፤ ምናልባት ትቀምስ እንደሁ ብዬ። አልቀመሰችም። ፍርፋሪው ሥር ተኝቶ በአራተኛው ቀን ውኃው ደፈረሰ። ሲሶው ይቀየር ተባለ። ሁልጊዜ ውኃ የምንቀዳበት ገንቦ ደግሞ በዚያው ጠዋት ከእጄ አምልጦ ተሰነጠቀ። አጠገቤ የነበረው ባልዲ ብቻ ነው።

ባልዲው የእኔ ነው። ርጭት ሳቆም ማንም ስላልጠየቀኝ ቤቴ ወስጄው ነበር። ዱቄት ያሸሁበት ባልዲ ነው። በአመድ ፈትጌዋለሁ፣ በሳሙና ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ደፍቼዋለሁ። ደጋግሜ አሸተትኩት፤ ምንም አልሸተተኝም። የሚሸተኝ አፍንጫ ከየት ይምጣ? ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ንጹሕ ዕቃ አለኝ ብዬ ኮርቼ ከምንጭ ሞልቼ መጣሁ።

ጋሽ አባመጫ እንደ ልማዳቸው ሊያሸቱት ጎንበስ አሉ።

"ጋሼ፣ ከቤቴ ያመጣሁት ነው። እኔ ራሴ ነኝ ያጠብኩት፣ ሰባት ጊዜ" አልኳቸው። ድምፄ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበረበት። ሰው በገዛ ንጽሕናው ሲጠረጠር እንደሚያኮርፈው ነው። ፊቴን አዩት። ከዚያ ቀና አሉ፤ ሳያሸቱ። ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም።

ከቤት ነው ያመጣሁት፤ እውነት ነው። ከቤቴ በፊት የት እንደነበረ ግን አልተናገርኩም።

ከምሳ በኋላ ወንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጎኑ ይዋኛል፣ መስታወቱን ይመታል፣ ይሽከረከራል። ጋሽ አባመጫ እጃቸውን ነከሩ፤ ሙቀቱ ደህና ነው። ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ወንዱ በዓይናችን እያየነው ሞተ። ሴቷ ላይኛው ውኃ ላይ ወጥታ ተንገዳገደች። ለአራት ቀን ያልከፈተችውን አፏን ከፈተችና እንቁላሎቹን ተፋቻቸው። የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ ቢጫ ነገሮች ቀስ እያሉ ወርደው አሸዋው ላይ ተበተኑ። እሷም ተከተለቻቸው።

"እንቁላሎቹ ሕያው ናቸው!" አሉ ጋሽ አባመጫ። በማንኪያ እየለቀሙ ወደ ብርጭቆ ማስገባት ጀመሩ። "ውኃ! ሌላ ውኃ አምጣ፣ ቶሎ!" ብለው ያንኑ ባልዲ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወንዱ የተንቀጠቀጠው ስንረጭ ከግድግዳ የሚወድቁት ትንኞች እንደሚንቀጠቀጡት ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ውኃውን በባልዲው አመጣለሁ፣ እንቁላሎቹም ያልቃሉ፣ "ዓሣ ነው፣ ሞተ" ይባላል። ብናገር ግን ያ ዘመን ምን ዘመን እንደነበር የኖረበት ያውቃል። የመንግሥት ንብረት ካጠፋህ "ስህተት" አይባልም፣ "አሻጥር" ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ የጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀን የምንዘምር ሰዎች ነን፤ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ስሜን በሌላ መዝገብ ላይ እንደያዘው አውቃለሁ። ማርታ ልትወልድ ወር ቀርቷታል። ይህ ሁሉ ባልዲውን አንስቼ እስከ በሩ ስደርስ በጭንቅላቴ ውስጥ አለፈ። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ በዚህ ባልዲ አይሆንም።"

"ለምን?"

"የርጭት ባልዲ ነበር። አፍንጫዬ ደግሞ ዱቄቱን መለየት ካቆመ ቆየ።"

ማንኪያው እጃቸው ላይ ቆመ። ተነስተው መጡ፣ ባልዲውን ከእጄ ወሰዱ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

"ዲሲ" አሉኝ፣ ተወው። "ገንቦ ፈልግ። ሩጥ።"

ከጎረቤት ገንቦ ለምኜ ከምንጩ ስመለስ የጉሉኮስ ቱቦ ፈተው ሥሩ ክብ የሆነ ጠርሙስ አዘጋጅተዋል። የቆሮሶ እንቁላል ዝም ብሎ ከተኛ ይበሰብሳል፤ እናቱ አፏ ውስጥ የምታገላብጠው ለዚህ ነው። እኛ አፏን ልንሆን ነው። ከላይ ከተሰቀለ ዕቃ ውኃው በቱቦው ወርዶ ጠርሙሱ ሥር ይደርሳል፣ እንቁላሎቹን ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ ይወድቃሉ፣ ያነሳል። ቱቦው በጣም ከተከፈተ ይጋጫሉ፤ ከጠበበ ይተኛሉ። ልኩን እስክናገኝ ጠርሙሱን በእጄ ይዤ አወዛወዝኩት። ክንዴ ሲዝል ወደ ሌላው ክንዴ አዛወርኩት። እያለቀስኩ ነበር፤ ጋሽ አባመጫ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ነጭ የሆነውን፣ የሞተውን እንቁላል በመቆንጠጫ እየለቀሙ ያወጣሉ። ብዙ አወጡ። በስድስተኛው ቀን ጅራት ያላቸው ነጥቦች ጠርሙሱ ውስጥ ተንቀጠቀጡ። አሥራ ሰባት ነበሩ።

ነገሩ ግን አልተደበቀም። ሁለት ዓሣ መሞቱ ሪፖርት መደረግ ነበረበት፤ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባው ላይ ቀረበ። ካድሬው የጠበቅኩትን ቃል አወጣ፤ "ይህ አሻጥር አይደለም ወይ ጓዶች?" አለና ወደ እኔ አየ። ልነሳ ስል ጋሽ አባመጫ ቀድመውኝ ቆሙ።

"ሃያ ዓመት ሳላሸት ውኃ አስቀድቼ አላውቅም። ወላሂ፣ በዚያ ቀን ያላሸተትኩት እኔ ነኝ። የዚህ ልጅ አፍንጫ ለሥራችን ብሎ ዱቄት ሲያሽ ነው የጠፋው። አፍንጫ ያለኝ እኔ ነበርኩ።"

እኔም ተነሳሁ። "የርጭት ባልዲ መሆኑን የደበቅኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አያውቁም ነበር" አልኩ። አቶ ገረመው ወረቀቱን እያገላበጠ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ግልገሎቹን የሚጠብቅ ሰው ስለሚያስፈልግና አቶ ገረመው ግልገል እንደሚያሳይ ለበላይ አለቆች አስቀድሞ ቃል ስለገባ እዚያው እንድቆይ። ጋሽ አባመጫ ግን ከኃላፊነት ተነስተው ሊሙ፣ የቡና ለቃሚዎች ሰፈር ውስጥ ደም እንዲያዩ ተዛወሩ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ቤተሰባቸውን ሰቶ ሰመሮ ትተው።

የሄዱ ዕለት ሻንጣቸውን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ከገቡ በኋላ በመስኮቱ ብቅ አሉ። "አፍንጫህ እምቢ ካለ የሌላ ሰው አፍንጫ ተበደር" አሉኝ።

ተበደርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ማርታ አፍንጫ ውኃ ቀድቼ አላውቅም። ገንቦውን ቤት ወስጄ አስሸትታታለሁ፤ አራስ ቤት ሆና እንኳ ሕፃኑን አቅፋ አሽትታልኛለች። "ሌላው ሚስቱን ሽቶ ያስሸትታታል፣ አንተ ገንቦ" ትለኝ ነበር።

አሥራ ሰባቱ አደጉ። ሲያድጉ ተጣሉ፤ ወንዶቹን ለያየሁና ከሁሉም ረጋ ያለውን ከአንዲት ደህና ሴት ጋር ገንዳው ውስጥ ተውኩ። የተሰነጠቀውን ገንቦ አጋድሜ አስቀመጥኩላት፤ ሲያሳድዳት ትገባበታለች። ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ወንበር እስባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እጄ ሲበላኝ ራሴን "ኦብሲ" እለዋለሁ።

በመኪና ሾፌር እጅ ከሊሙ ቁራጭ ወረቀት መጣችልኝ። ሰላምታም የላት። "በአፏ ያዘች ወይ?" ትላለች። ሾፌሩን ሻይ ጋብዤ አቆየሁትና በጀርባዋ "ከትናንት ወዲያ ያዘች" ብዬ መለስኩ።

በዚያች እናት ጊዜ ፍርፋሪ አልጣልኩም። በአሥራ አንደኛው ቀን አፏን ከፈተች፤ ግልገሎቹ እንደ ጭስ ወጡ። እጄን ሳነሳ ፈርተው ተመልሰው አፏ ውስጥ ተሸጎጡ። ብቻዬን ሳቅሁ። አቶ ገረመው የበላይ አለቆቹን እያመጣ አሳየ፤ እኔም ሥራዬ ላይ ቀረሁ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ለሊሙው ኩሬ ግልገል እንዳደርስ ተፈቀደልኝ። ማርታ ገንቦውን ሦስት ጊዜ አሸተተችልኝ። በአጋሮ በኩል በሚሄደው አውቶቡስ ገንቦዬን ጭኔ ላይ አቅፌ ሄድኩ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ "ጠጅ ነው?" አለኝ። "ዓሣ ነው" ስለው ወንበር ቀየረ።

ጋሽ አባመጫን ኩሬው ዳር አገኘኋቸው። ከስተዋል፣ ጢማቸው ነጥቷል። ከኋላቸው የለቃሚዎቹ ረድፍ ቤቶች አሉ፤ አንድ ወቅት እኔ በወባ የተንቀጠቀጥኩት እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ነበር። እጄን ያዙ፣ ረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። "ማርታስ? ሕፃኑስ?" አሉ። "ደህና ናቸው" አልኩ። "አልሃምዱሊላህ።"

ገንቦውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። የሸፈንኩበትን ጨርቅ አነሳሁና ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩት።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ያሽትቱት" አልኳቸው።

ጎንበስ አሉ። ገንቦውን በሁለት እጃቸው አነሱት። እኔን አዩኝ፤ ያኔ በባልዲው ጊዜ እንዳዩኝ።

"ማን ነው ያመጣው?" አሉኝ።

"እኔ።"

"ታዲያ ምን አሸታለሁ?" አሉና "ቢስሚላህ" ብለው፣ ሳያሸቱ፣ ቀስ አድርገው ኩሬው ውስጥ ገለበጡት።